ውሃው ለምን ቆየ

ቁልፉን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ማልጄ እከፍታለሁ፣
ዘጠኝ ሳህን፣ ዘጠኝ ሻማ፣ ዘጠኝ ብርጭቆ እደረድራለሁ፤
ውሃውን በቀይ ጠብታ አቅልሜ፣
የተሰበረውን መዝግቤ፣ የወደቀውን ለቅሜ፣
ደወል ሲደወል ጥጌን እይዛለሁ።
አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ክብሪት እቆጥራለሁ።

ውጭ የግንቦት ሐምሲን ነው፤ ቂርያት ጋት አቧራ ለብሷል፣
የባቡሩ ጩኸት እንኳ ከጣቢያው ደርቆ ደርሷል።
ከሠላሳ ሁለቱ ልጅ ግማሹ ከጠረጴዛ ሥር ስልኩን ያሻል፣
ግማሹ ክንዱን ተንተርሶ ደወል በሕልሙ ይሻል።

መምህርቷ ላሪሳ ገባች፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ
"ሻማውን ለኩሱ" አለች፤ "ብርጭቆ ድፉበት፤ ተዉት ይንደድ።"
ሌላ ቀን መልሱ ቀድሞ ከሰሌዳው ይሰፍር ነበር፤
ዛሬ ሰሌዳው ባዶ። ምን ተገኘ? አልኩ በልቤ፤ ምን ይሆን ነገር?

ኢታማር ፈጠነ። ሁሌም ይፈጥናል።
"ይሄማ የታወቀ ነው!" ይላል፤
"እሳቱ ኦክስጅኑን በላ፣
ውሃው ባዶውን ቦታ ሞላ፤
ገጽ አርባ!" ብሎ ክንዱን አጣጥፎ ተለጠጠ ወደ ኋላ።

ታሄል ከመጨረሻው ወንበር ናት።
ስም ሲጠራ "አለሁ" ከማለት
ሌላ ቃል ሰምቼባት አላውቅም በሦስት ዓመት።
አገጯን ከጠረጴዛው ጥላ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ጠርዝ አስተካክላ
ነበልባሉ ሲያንስ፣ ሲልም፣ ሲጠፋ አየች፤ ከዚያ ግን ቀጥላ፦

"ቆይ... ውሃው ለምን ቆየ?
እሳቱ ሲበላ ምነው ቁጭ ብሎ አየ?
ሻማው እየነደደ ንቅንቅ አላለም ከነበረበት፤
የወጣው ከጠፋ በኋላ ነው፣ ጭሱ ሲዞርበት።
ስደፋውም በጠርዙ በኩል አረፋ ወጥቷል፤
ምንድነው የሸሸው? ከማን ሸሽቷል?"

ጸጥታ። ይህን ጸጥታ አውቀዋለሁ።
በተማርኩበት ቤት፣ በጆሮዬ ቁንጥጫ ከፍዬበታለሁ።
እቤትም "ዝም አይነቅዝም" ተብዬ ነው ያደግሁት፤
እውነት መስሎኝ ስንቱን "ለምን" በጎተራዬ አከማቸሁት።

ላሪሳን አየኋት፤ መልሱ ከንፈሯ ጫፍ ደርሷል፤
ሃያ ዓመት ተናግሮ ላደረ ሰው መጠበቅ መቼ ቀሏል?
ዋጠችው። እንደ መራራ ኪኒን ሲወርድ አየሁት።
"እንዴት እናጣራ?" አለች።
"እኔ አልናገርም፤ እናንተ ፈልጉት።"

ታሄል ዞረች፤ ወደ እኔ እንጂ ወደ እሷ አይደለም፤
በተሰባበረ አማርኛ፦ "ሙቅ ውሃ አለ? እሳት አልፈልግም።"

ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ፤ እጄን ምን እንዳንቀጠቀጠው!
ባዶውን ብርጭቆ በፎጣ ይዛ፣ እንፋሎቱ ላይ አቆይታ ደፋችው።
ያለ ሻማ፣ ያለ ነበልባል፣ ቀዩ ውሃ ተነሣ፣
ቀስ ብሎ፣ እያሰበ፣ መንገዱን እንደረሳ።

ኢታማር የታጠፈ ክንዱን ፈታ።
"ላማ?" አለ፤ ዝግ ባለ፣ በማላውቀው ቃና፣ ሳይኮራ ለአንድ አፍታ።
የእሱ "ላማ"፣ የእኔ "ለምን"፣ ሁለቱም ከ"ለ" ቤት ናቸው፤
ለካ ጎረቤት ነበሩ፤ ሳይጠያየቁ የኖሩ፣ ግድግዳ የለያቸው።

ከዚያማ ማን ይያዛቸው!
"በበረዶስ?" "ጠርሙሱ ቢረዝምስ?"
"ሦስት ሻማ ቢሆንስ?"
"ብርጭቆውን ቀድመን ብናቀዘቅዝስ?"
ስልኮቹ ከጠረጴዛ ሥር ብቻቸውን እየበሩ ጠፉ፤
አንዷ ተሳስታ እጅጌዋን አቀለመች፤ ሁለት ልጆች ለፎጣ ተጋፉ፤
ላሪሳ ዝም ብላ ትዞራለች፣ እጆቿን ወደ ኋላ ቆልፋ፤
ደወሉ ተደወለ። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ለፋ።

ሲሄዱ ወለሉን ወለወልኩ።
አቧራ የቀላቀለ ቀይ ውሃ። ጎተራዬን አሰብኩ።
ዝምም ይነቅዛል ለካ፤ ከሥሩ ዱቄት ሆኖ ይፈስሳል፤
ከፍቶ ያላየ ሰው ግን ሙሉ ይመስለዋል።

ቅጹን አወጣሁ፤ እንደ ልማዴ ጉድለቱን ልመዘግብ፦
ብርጭቆ ሁለት፤ ፎጣ አንድ፤ ክብሪት... አልቆጠርኩም፣ አልቋል መሰለኝ በደንብ።
"ምክንያት" የሚለው ሳጥን ሁሌ "በአጠቃቀም" እያልኩ የምሞላው
ዛሬ ባዶውን አየኝ፣ አየሁት። ብዕሬን አነሣሁ፤ ጻፍኩ፦
ገና እየተጣራ ነው።